ደምቢያና ሑላ፦ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ከሁለት ረግረጎች የተማረው

 

ልጆቻችን ባግሩት ጨርሰው፣ የሠራዊት አገልግሎታቸውን ፈጽመው ዩኒቨርሲቲ ሊመዘገቡ ሲነሡ በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ምን ልትማሪ ነው? ምን ልትማር ነው?» ሕክምና ያለ፣ ሕግ ያለ፣ ኮምፒውተር ያለ ልጅ ይመሰገናል፣ እልል ይባልለታል። «ማዳኤይ ሃስቪቫ»፣ በእኛ ቋንቋ የአካባቢ ሳይንስ፣ ያለ ልጅ ግን ቤቱ ጸጥ ይልበታል። «እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ዛፍ መትከል ነው? ቆሻሻ መልቀም ነው? ለዚህ ለዚህማ ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ወላጅ ያልጠየቀ ማን ይጠይቅ? መልሱን ግን ከታሪክ ብንፈልገው ይሻላል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። ታሪኩ የሁለት ረግረጋማ ቦታዎች ታሪክ ነው። አንደኛው ከመጣንበት አገር ነው፤ ደምቢያ፣ በጎንደር። ሁለተኛው ከመጣንበት በኋላ ባገኘነው አገር ነው፤ ሑላ፣ በላይኛው ገሊላ። ሁለቱም ቦታ ደንገል አለ፣ ሁለቱም ቦታ ወባ ነበረ፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ ትልቅ ነገር ደረሰባቸው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ደምቢያ፦ ወላጆቻችን የሚያውቁት መሬት

ደምቢያ ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ የኖረበት አገር ነው፤ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥም አያቶቻችሁ ከዚያ የሆኑ አትጠፉም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ይይዛል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ጤፉም ሽምብራውም ይሆንበታል። ወደ ሐይቁ ሲጠጉ ደንገሉ አለ፤ ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው።

ወላጆቻችን በዚያ አገር ለረጅም ዘመን ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት በድርሻ እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ነው የኖሩት። መሬት ላራሹ ታውጆ እነሱም መሬት የደረሳቸው ገና በ1975 ነው። ርስት ያልነበረው ሰው ግን መሬቱን አያውቅም ማለት አይደለም። እናቶቻችን የትኛው አፈር ለእንስራ፣ የትኛው ለምጣድ እንደሚሆን፣ የትኛው እሳት ሲነካው እንደሚፈነዳ በእጃቸው ዳስሰው ይለዩ ነበር። አንጥረኞቻችን የየትኛው እንጨት ከሰል ብረት እንደሚያቀልጥ ያውቁ ነበር። አራሾቻችን ዘንድሮ ጤፍ የተዘራበትን ለከርሞ ሽምብራ ያደርጉበታል፤ መሬቱ እንዲያገግም ነዋ!

ስለ ወባም ያውቁ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ ሲቀር ቆላ መውረድ እንደሚያሰጋ ደገኛው ሁሉ ያውቃል። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ቢምቢ መሆኗን ያስተማራቸው አልነበረም። ጊዜውንና ቦታውን ግን አሳምረው ያውቁታል። «ቆላ ወርዶ ንዳድ ያዘው» ሲባል ሦስቱም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሯል፤ ቦታው፣ ሰውየው፣ በሽታው።

በ1953 በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የሞተው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነበር። አዝመራው በማሳ ላይ ቆሞ አጫጅ ያጣበት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ወባ የሚበረታው ልክ አዝመራ በሚደርስበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ሐኪም በጣም ጥቂት፣ እሱም ያለው በከተማ ነበር።

ጎንደር 1954፦ የታመመውን ቦታ ማን ያክመው?

ከወረርሽኙ በኋላ የሆነውን ነገር ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ልናውቀው ግን ይገባል። በ1954 በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። ቦታው ጎንደር እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የደምቢያው ወባ ነበር።

ኮሌጁ ሐኪም አላስመረቀም። ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር የሚያሠለጥነው። አንደኛው ጤና መኮንን ነው። ሁለተኛዋ የማኅበረሰብ ነርስ ነች። ሦስተኛው ሳኒተሪያን ይባል ነበር። ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር የታሰበው።

እስኪ ስለ ሦስተኛው እናውራ። ሳኒተሪያን በሽተኛ አይመረምርም፣ መርፌ አይወጋም። የሚመረምረው ምንጩን፣ ጉድጓዱን፣ መጸዳጃውን፣ ገበያውን፣ የሥጋ ቤቱን፣ ቢምቢ የምትፈለፈልበትን የተኛ ውሃ ነው። መጸዳጃው ከምንጩ በላይ ነው ወይስ በታች? ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወዴት ይወርዳል? ከብቱና ሰው ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ? የእሱ ትምህርት ይህ ነው። የታመመውን ሰው ጤና መኮንኑ ያክማል፤ የታመመውን ቦታ የሚያክመው ሳኒተሪያኑ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስና የአካባቢ ጤና የሚባለው ትምህርት ያኔ ጎንደር ላይ፣ ወላጆቻችን ገበያ በሚወጡበት ከተማ፣ ይሰጥ ነበር። ኮሌጁ በ1978 ከጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሐኪምነት ትምህርት ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ሥር ግን ያ የወባ ዘመን ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤት መክፈት ብቻውን ወባን አላጠፋም። በ1958 ዝናቡ ከልክ በላይ በዘነበበት፣ ሙቀቱም በጨመረበት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የባሰ ወረርሽኝ ተነሣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወባ እስከዚያ ድረስ በማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ተያዘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአየሩ ሁኔታ፣ ውሃው፣ ቢምቢዋ፣ የምግብ እጥረቱና የሰዉ ጤና የተያያዙ ናቸው። አንዱን ብቻ ያጠና ሰው ሌላው ያመልጠዋል።

ሑላ፦ የገሊላው ደንገል

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። በላይኛው ገሊላ፣ ከሄርሞን ተራራ ሥር፣ የዮርዳኖስ ምንጮች የሚገናኙበት የሑላ ሸለቆ አለ። ከ1950ዎቹ በፊት እዚያ ጥልቀት የሌለው ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ነበረ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከ40,000 ዱናም በላይ ይሆናሉ። ረግረጉን የሸፈነው ደንገል ነበር። ከጣና ዳር የምናውቀው ያው ደንገል! ወደ ሰሜን ሲኬድ ደንገል እንዲህ በብዛት የሚበቅልበት የመጨረሻው ቦታ ሑላ ነው ማለት ይቻላል። በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ዓረቦች ከደንገሉ ምንጣፍ ይሠሩ፣ ጎሽ ያረቡ፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በ1948ቱ ጦርነት ጊዜ አብዛኞቹ ከዚያ ወጡ። በ1883 የሱድ ሃማዓላን የመሠረቱት አይሁዶችም በዚያው ሐይቅ ዳር ነበሩ፤ ወባም ብዙ ልጆቻቸውን ቀበረች።

ወባን በዚህ አገር ለመዋጋት ትልቅ ሥራ የሠሩት እስራኤል ክሊግለር የሚባሉ ሊቅ ናቸው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው ሥራቸውን የጀመሩት፤ በኋላም በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የንጽሕና አጠባበቅ ትምህርትን መርተዋል። የእሳቸው ዘዴ ምን ነበር? ከየመንደሩ ሰው ጋር ሆኖ የውሃውን ቦታ አንድ በአንድ መመርመር፣ የሚደፈነውን መድፈን፣ የሚፈሰውን ማፍሰስ፣ ነዋሪውን ማስተማር፣ ከዚያም ሳይሰለቹ ተመላልሶ ማየት። ከጎንደሩ ሳኒተሪያን ሥራ ጋር ወንድማማች አይደለም ትላላችሁ? ክሊግለር በ1944 ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት መጣ፤ ወባም በጣም ቀነሰ።

ማድረቁ

በ1951 ቀረን ቀየመት ለይስራኤል የሑላን ሐይቅና ረግረግ የማድረቅ ሥራ ጀመረ። ሥራው በ1958 ተጠናቀቀ። ቦዮች ተቆፈሩ፣ ዮርዳኖስ ጠለቅ ብሎ እንዲሄድ ተደረገ፣ ውሃው ሄደ።

በዚያ ዘመን ዓይን ካየነው ምክንያቱ ይገባል። አዲስ መንግሥት ነው፤ በየወሩ ሰው በመርከብ ይጎርፋል፤ ምግብ በራሽን ይታደላል። የእርሻ መሬት ያስፈልግ ነበር። ወደ ሰማይ የሚተነውን ውሃ ማዳንም ተፈለገ። የወባ መጥፎ ትዝታም ነበረ፤ ምንም እንኳ ሥራው ሲጀመር ወባው ቀድሞ የተገታ ቢሆንም። የማድረቁ ሥራ ያኔ እንደ ትልቅ ድል ነበር የሚቆጠረው።

የተቃወሙም ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የእንስሳት ሳይንስ ሊቁ ሃይንሪሽ ሜንደልሶን ናቸው፤ ቴል አቪቭ ላይ ይመሩት የነበረው ተቋም በኋላ ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ሆኗል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሑላ የሚኖሩ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ፍጥረታት አሉ፤ ሳናውቃቸው ሊጠፉ ነው አሉ። ቢያንስ የተወሰነው ክፍል ይትረፍ ብለው ጠየቁ። ከዚህ ትግል በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ «ሃሔቭራ ለሃጋናት ሃቴቫ»፣ ተወለደ። ከመሥራቾቹ መካከል አዛርያ አሎንና አሞጽ ዘሃቪ ይገኛሉ። በ1963 የብሔራዊ ፓርኮችና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ሕግ ወጣ፤ በ1964 ከሑላ የተረፈችው ትንሽ ቁራጭ፣ 3,000 ዱናም ያህል፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ጥብቅ ቦታ ሆነች።

ዓመታቱን አስተያዩአቸው። በ1953 ደምቢያ በወባ ታመመች፣ በ1954 ጎንደር ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው በ1953 ሑላ እየደረቀች ሳለ ተቃዋሚዎቿ ማኅበር መሠረቱ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነበር፤ መሬትን ሳያጠኑ መለወጥ፣ ወይም በሽታን ከመሬቱ ነጥሎ ማየት፣ ይቻላል ወይ?

መሬቱ ሲመልስ

ሑላ ከደረቀች በኋላ ምን ሆነ? ከረግረጉ ሥር የነበረው አፈር እንደ ሌላው አፈር አልነበረም። ለብዙ ሺህ ዓመት የወደቀው ደንገልና ሌላው ተክል በውሃ ውስጥ ተቀብሮ የተጠራቀመ ነው፤ በዕብራይስጥ «ካቡል» ይሉታል። ውሃ ስለሸፈነው አየር አይገባውም፤ አየር ስላልገባው ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ውሃው ሲነሣለት አየር ገባ። ደቂቅ ተሕዋስያን መብላት ጀመሩ። አፈሩ እየቀለለ፣ እየተበላ፣ መሬቱ ከዓመት ዓመት ወደ ታች ሰጠመ። የደረቀው አፈር ከሥሩ እሳት ይይዝ ነበር፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ነፋስ ሲነሣ ጥቁር አቧራ ሆኖ ይበናል። አይጥ በዛበት። እርሻው እንደታሰበው አልሆነም፤ ከፊሉ መሬት እየተጎዳ ሄዶ ጦም ማደር ጀመረ።

ከሁሉ የባሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ያ አፈር ሲበሰብስ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ናይትሬት ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። የክረምቱ ዝናብ እሱን አጥቦ ወደ ዮርዳኖስ ያወርደዋል፤ ዮርዳኖስ ደግሞ ወደ ኪኔሬት። ኪኔሬት ማለት ከ1964 ጀምሮ በትልቁ የውሃ መስመር እስከ ነጌቭ ድረስ ሲጠጣ የኖረ ሐይቅ ነው። ቀድሞ ረግረጉ እንደ ወንፊት ሆኖ ውሃውን ያጣራ ነበር። ወንፊቱን አነሡና ቆሻሻው ወደ ማሰሮው ገባ።

ይህን ነገር ማን ነው የሚያጠናው? አፈሩን የሚያውቅ ኬሚስት ስለ ሐይቁ አያውቅም። የሐይቁን ውሃ የሚመረምር ሰው ስለ አይጡ አያውቅም። የእርሻ ባለሙያው ስለ ወፉ፣ የወፉ ሰው ስለ ገበሬው ኑሮ አያውቅም። በዩኒቨርሲቲ ሁሉም በየክፍሉ ነበር የተቀመጠው። ችግሩ ግን ክፍል አያውቅም፤ ከአፈር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሰው ይሄዳል። የአካባቢ ሳይንስ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የመጣው በዓለም ሁሉ ከእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው። በዚህ አገርም ቀስ በቀስ ተገነባ። በ1968 ኪኔሬትን ብቻ የሚያጠና ላቦራቶሪ ተከፈተ። በ1970ዎቹ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ በስዴ ቦከር የበረሃ ጥናት ተቋም አቋቋመ። በ1988 መንግሥት የአካባቢ ሚኒስቴር መሠረተ። በ1996 በቅቡጽ ከቱራ የዓራቫ ተቋም ተከፈተ፤ እዚያ እስራኤላውያን፣ ፍልስጥኤማውያን፣ ዮርዳኖሳውያንና ሌሎችም አብረው ይማራሉ፤ ውሃና አየር ድንበር አያውቅምና። ዛሬ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ አለ፤ ከሑላ አጠገብ ባለው ተል ሐይም ይሰጣል።

የራሳችን መንገድ፦ 1984

ይህን ታሪክ ስናወራ የራሳችንን ምዕራፍ መዝለል አንችልም። በ1984 ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። አብዛኞቹ ደገኞች ነበሩ፤ ሰውነታቸው የቆላን ወባ አይለምድም። እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ካምፖች ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ። ውሃው ንጹሕ አልነበረም። መጸዳጃ በበቂ አልነበረም። ኩፍኝ ገባ፣ ተቅማጥ ገባ፣ ወባ ገባ፤ ረሃቡም ነበረ። በመንገድና በሱዳን ያለፉት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይነገራል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የቆመው መታሰቢያ የእነሱ ነው።

የሞቱት በጥይት ብቻ፣ በሽፍታ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ፣ በተለይ ሕፃናቱ፣ የሞቱት በውሃ ነው። በአንድ ካምፕ ውስጥ ምንጩ የት እንደሚሆን፣ መጸዳጃው የት እንደሚቆፈር፣ የተኛው ውሃ እንዴት እንደሚፈስ የሚወስን በቂ ባለሙያ መኖርና አለመኖር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ጎንደር ላይ ከ1954 ጀምሮ ይማሩት የነበረው ያ ትምህርት ነው። ስለዚህ «ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ሲባል እኛ ከማንም በላይ መልሱን እናውቀዋለን። ቤተሰባችን ውስጥ ስሙ በየዓመቱ የሚነሣ ሰው አለ።

ውሃው ሲመለስ

ወደ ሑላ እንመለስ። ከብዙ ጥናትና ክርክር በኋላ በ1994 ከደረቀው መሬት ላይ የተጎዳው ክፍል እንደገና ውሃ እንዲተኛበት ተደረገ። «አጋሞን ሑላ» ይባላል፤ ትንሹ ሐይቅ እንደ ማለት ነው። ስፋቱ 1,000 ዱናም ያህል ነው። ዓላማው አፈሩ እርጥበት እንዲያገኝና ናይትሬቱ ወደ ኪኔሬት እንዳይወርድ ነበር። ወፎቹ ግን ማንም ካሰበው በላይ መጡ። በዕብራይስጥ «አጉር» የሚባሉት ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ዛሬ በየክረምቱ በአሥር ሺዎች ይሰፍሩበታል። ገበሬው እህሉ እንዳይበላበት ለወፎቹ ተለይቶ በቆሎ ይበተንላቸዋል። ገበሬና ወፍ የሚታረቁበትን መንገድ መፈለግም ከዚህ ትምህርት ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። የሑላ እንቁራሪት የምትባል፣ ሆዷ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ፍጥረት ነበረች። ሜንደልሶንና ባልደረባቸው ሽታይኒጽ በ1943 ነበር ለሳይንስ ያስተዋወቋት። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ጠፋች ተብሎ በ1996 ከምድር ከጠፉት ተርታ ተመዘገበች። በ2011 በዚያችው በተረፈችው ቁራጭ መሬት ውስጥ በሕይወት ተገኘች! ያች 3,000 ዱናም በ1950ዎቹ በጭቅጭቅ ባትተርፍ ኖሮ እዚያ አትገኝም ነበር። የጠፉት ዓሦች ግን አልተመለሱም።

የወፎቹ ነገር ከእኛ ጋር ሌላ ዝምድና አለው። በሑላ ከሚያልፉት ወፎች ከፊሎቹ ጉዞአቸውን ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ፤ አጉሮቹ ጣና ዳር ድረስ ወርደው ይከርማሉ። ሽመላውም በዚሁ አገር ሰማይ ላይ አልፎ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ በጸደይ ይመለሳል። ልጆች ሳለን ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ወላጆቻችን ካርታ አላዩም፤ ወፉ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ግን ያውቁ ነበር። ሳይንሱ በራዳርና በቀለበት ያረጋገጠው ያንኑ መንገድ ነው።

ጣናም ዛሬ በተራው ታሟል። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ተዛምቷል፤ በብዛት የያዘውም የደምቢያን ጠረፍ ጨምሮ የሰሜኑን ዳርቻ ነው። ከማሳው ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ያፋፋዋል። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እያጠኑት ነው። ከሑላ ወደ ኪኔሬት የወረደው ናይትሬትና ጣናን የሚያፋፋው ማዳበሪያ የአንድ ትምህርት ሁለት ምዕራፎች ናቸው።

ታዲያ ልጁ ምን ይማራል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የአካባቢ ሳይንስ የሚማር ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና ስታትስቲክስ ነው። ቀላል ትምህርት አይደለም። በባግሩት ጊዜ ሒሳብና ሳይንስ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል፤ የጎደለው ደግሞ በመኺና ሊያሟላ ይችላል። ቀጥሎ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አየር፣ ስለ ካርታ ሥራ፣ ስለ ሕግና ኢኮኖሚ ይማራል። በየሜዳው ይወጣል፤ ጠርሙስ ይዞ ከወንዝ ይቀዳል፣ አፈር ይቆፍራል፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ይመረምራል። ሥራውም አለ። በውሃ ድርጅት፣ በፍሳሽ ማጣሪያ፣ በከተማ አስተዳደር፣ በፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በጤና ጥበቃ፣ በምርምር ተቋም።

ይህን ስንል ሁሉም ልጅ ይህንኑ ይማር አንልም። ሐኪምም ጠበቃም ያስፈልገናል። ይህን ትምህርት የመረጠውን ልጅ ግን ከእኛ ርቆ የሄደ አድርገን አንየው። እንዲያውም ወደ አያቱ የቀረበ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አያቱ የምታውቀውን በአማርኛ ታውቃለች፤ ልጁ የሚያውቀውን በዕብራይስጥ ያውቃል። እሷ «ዋልካ» ስትል እሱ በመጽሐፉ ያነበበው የሸክላ ዓይነት አፈር መሆኑን አያውቅም። እሱ «ኒትራት» ሲል እሷ በሽምብራ መሬት የምታሳርፍበት ምክንያት ያ መሆኑን የነገራት የለም። ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ ያላቸውን ሳይለዋወጡ ዘመኑ እያለፈ ነው። ደምቢያን አርሰው የሚያውቁ ሽማግሌዎቻችን በየዓመቱ እያነሱ ነው።

የሑላን ሐይቅ ያደረቁት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ነው የሠሩት። ያላወቁት ግን መሬቱ ሥር ነበር፤ ዋጋውም እስከ ዛሬ ይከፈላል። የእኛም ሀብት እንዲሁ ከሥር ነው ያለው፤ በየቤታችን በተቀመጡት አባቶችና እናቶች ልብ ውስጥ። ሳይቆፈርና ሳይጻፍ ከቀረ ይደርቃል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። የሴሚናር ሥራ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ አያታችሁን ጠይቁ። ምንጩ የት ነበር? ከብቱስ የት ይጠጣ ነበር? አፈሩን በምን ትለዩት ነበር? ወባው የሚነሣው መቼ ነበር? የሚነግሯችሁን በስልካችሁ ቅዱት፣ በአማርኛውም በዕብራይስጡም ጻፉት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ «ማዳኤይ ሃስቪቫ ልማር ነው» ብሎ ሲመጣ ዝም አትበሉት። ቡና አፍሉና ስለ ደምቢያ ንገሩት። የመጀመሪያው ትምህርቱ ያ ይሆናል።

የምታስታውሱትን እዚህ ከሥር ጻፉልን፤ የመንደራችሁን ምንጭ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ። ሰላም ሁኑ።